የልብስ አጠባው ቤት መቀነት

አሮጌው ንጉሥ ታላቁን ወንዝ ተሻግሮ በዘመተ በሦስተኛው ዓመት፣ የብርዱ ወራት ሊገባ ሲል፣ ከከተማዪቱ በታች ያለው ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ብርድ ልብስ ለበሰ፤ ቁስለኛ የተኛበት፣ ሬሳ የተጠቀለለበት፣ ቅማል የወረረው ብርድ ልብስ ሁሉ በጋሪ እየተጫነ ከጦሩ ሰፈር ወደ ኋላ ይመጣል፤ በወንዙ ዳር በተሠራው ረጅም የድንጋይ አዳራሽ ውስጥ ይቀቀላል፣ ይጨመቃል፣ ሜዳው ላይ ይሰጣል፤ ደርቆም ለሌላ ወታደር ተመልሶ ይሄዳል። የዘመኑ ሹማምንት ስለ መድፍ ሲያወሩ ምላሳቸው አይደክምም ነበር፤ መድፈኛው ምን ለብሶ እንደሚያድር ግን ከልብስ አጠባው ቤት ሴቶች በቀር የሚያስብ አልነበረም።

ውሃ የጠጣ የሱፍ ብርድ ልብስ ክብደቱ ጥጃ ያህላል። ሁለት ሴቶች በአንድ አጣና ግራና ቀኝ ሆነው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ከሚፈላው የመዳብ ድስት ያወጡታል። ቶሎ መውጣትም አለበት፤ ሱፍ ከልኩ አልፎ ከፈላ ይኮማተራልና፤ የተኮማተረ ብርድ ልብስ የወታደሩን ደረት ሲሸፍን እግሩን፣ እግሩን ሲሸፍን ደረቱን ለውርጭ ይሰጣል። ስለዚህ በዚያ ቤት መሮጥ እንጂ መራመድ፣ መጮኽ እንጂ ማውራት አልነበረም።

በቤቱ ሕግ ወገቧን ያልታሰረች ሴት አጣና አትነካም። መቀነቱ ከድንኳን ሸራ የተቀደደ ነው፤ ጧት ጧት ሴቶቹ በሩ ላይ ይሰለፋሉ፤ የአንሺዎቹ አለቃ የሆነችው ሴት ጉልበቷን በእያንዳንዳቸው ጀርባ ላይ ተክላ ሸራውን ሲጥ እስኪል ትስበዋለች። «ወገብ ካልታሰረ ሆድ ዕቃ ይዘረገፋል» ይባል ነበር፤ አያቶቻቸው ብለውታል፣ እናቶቻቸው ብለውታል፤ ሹማምንቱም ከአሮጌ ሸራ በቀር የሚያወጡት ነገር ስለሌለ ደስ ብሏቸው ሕግ አድርገውታል። አለቃዪቱ ራሷ በቀይ የተነከረ መቀነት ትታጠቃለች፤ ቀዩን የታጠቀች ሴት በሰፈሩ ስታልፍ ሰው መንገድ ይለቅላታል።

በዚያ ዓመት ቀዩን የታጠቀችው ሁሉም «እትዬ ምሰሶ» የሚላት ሴት ነበረች፤ የወጣላት ስም እናቷ ዘንድ ቀርቷል። ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ በሥራ ላይ ጎንበስ ብላ የማትታይ ሴት ናት። ምሰሶ ግን ከሥሯ ተበልታለች፤ ይህንንም ከራሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የመጨረሻ ልጇን በወለደች ጊዜ፣ ቀዩ መቀነት ለሌላ እንዳይሰጥባት ፈርታ፣ ደሟ ሳይደርቅ ወደ አጣናው ተመልሳ ነበር። ሕመሙ መጀመሪያ ክብደት ሆኖ መጣ፤ ቀኑን ቆማ ስትውል ከእምብርቷ በታች የሚጎትታት፣ ጋደም ስትል የሚተዋት ክብደት። ኋላ እንቁላል የሚያህል ነገር ከብልቷ ደጃፍ ሲደርስ በእጇ ዳሰሰችው፤ ኋላም ወጣ። ጧት ስትነቃ ገብቶ ታገኘዋለች፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ተመልሶ ይወጣል፤ ሽንቷ እንኳ በጣቷ ወደ ላይ ካልመለሰችው አይወርድላትም። ለብርድ ልብስ መጠገኛ ከተቆለለው የሱፍ ክምር ኋላ ተሸሽጋ ትመልሰዋለች፤ ከዚያም ወጥታ ትጮኻለች፣ ታዛለች፣ ታነሣለች። ልብሷ እየፈገፈገው ቆስሎ ደም ሲነካካት፣ ጠረኔ ይሸታቸዋል ብላ ከሴቶቹ ራቅ ብላ መቆም ጀመረች፤ እነሱ ግን ኩራት መሰላቸው።

መድኃኒት ያደረገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መቀነቷን ማጥበቅ። በወጣ ቁጥር ታጠብቃለች፤ ባጠበቀች ቁጥር ይወጣል። የዘመኑ ወሬ ደግሞ ከሕመሙ የከፋ ነበር፤ ማህፀኗ የወጣ ሴት በባሏ ላይ የሄደች ናት ይባላል። ይህን ያለው ሰው አንዲት ቀን አጣና አንሥቶ፣ አንዲት ሌሊት አምጦ እንደ ሆነ የጠየቀው የለም፤ ሐሜት ምስክር አይጠራም። ምሰሶ ገመድ ፈታይ ከሆነው ባሏ በቀር ወንድ አታውቅም፤ ሆኖም ፍርሃት ምክንያት አያጣምና፣ በሕልሜ በድዬ ይሆናል አለች። ከባሏም ጋር ጀርባ ለጀርባ ማደር ከጀመረች ቆይታለች። ባልየው ዝምታ የማያሸንፈው ቀልደኛ ነበር፤ ገመዱን የምፈትለው እኔ፣ ታስረሽ የምታድሪው አንቺ ይላታል፤ አትስቅለትም፤ እሱም ጠልታኛለች ብሎ ቀልዱን እየቀነሰ ሄደ።

እንዲህ ሳለ ከወንዙ ማዶ ክፉ ወሬ መጣ። ጦሩ ውርጩ ሳይጠና ተራራውን ሊያልፍ ነውና ብርድ ልብስ በእጥፍ ይላክ ተባለ፤ የልብስ አጠባው ቤት የበላይ የሆነው ሻለቃም ዐዋጅ አስነገረ፤ እስከ ዛሬ ወልዳ ወር ታርፍ የነበረች አንሺ ሁሉ ከእንግዲህ በሳምንቷ በሩ ላይ ትገኝ፤ ያልተገኘች ከነቤተሰቧ ከሠራተኛው ሰፈር ትነቀል። ሻለቃው ሰው በላ አልነበረም፤ ታናሽ ወንድሙ ባለፈው ዓመት በተራራው ላይ በብርድ ደርቆ ሞቶበታል፤ ከዚያ ወዲህ ብርድ ልብስ እንጂ ሰው አይታየውም። የሹም ሐዘን በድኻ ወገብ ሲከፈል ያ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የመጨረሻውም አልሆነ።

ዐዋጁ በተነገረበት ሳምንት የምሰሶ የበኩር ልጅ፣ እሷም አንሺ፣ የመጀመሪያ ልጇን ተገላገለች።

በዚያው ሰሞን የቅማል በሽታ እንዳይገባ ትመረምር ዘንድ ከጦሩ ሆስፒታል አንዲት ሐኪም ተላከች፤ አጭር፣ ድምፀ ጎርናና፣ ወታደርም ሹምም የማትፈራ ሴት ናት፤ በሴቶች ሕመም የሠለጠነች ብትሆንም ጦሩ የራስ ቅማል ፈላጊ አድርጓታል። ሴቶቹን ስትፈትሽ ውላ ምሰሶ ዘንድ ስትደርስ፣ ጸጉሯን ትታ አረማመዷን አየች፤ አግዳሚው ላይ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብላ ስትቀመጥም አየች።

«እትዬ፣ ከወጣ ስንት ጊዜ ሆነው?» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምኑ?»

«እንግዲህ እርስዎ ምኑ ይበሉ፣ እኔም ያ ነገር ልበል፤ እስኪመሽ እንጫወታ።»

ምሰሶ ግራ ቀኟን ቃኘች። «ሰው ይሰማል» አለች በመጨረሻ፤ ይህም ማመን ነበር።

«እጄን ታጥቤያለሁ፤ አፌም ዝግ ነው። ይምጡ።»

ወደ ሱፍ ዕቃ ቤቱ ገብተው በሩን በሱፍ ጥቅል ደገፉት። ምሰሶ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም፤ በመነካቷ ሳይሆን፣ ሐኪሟ አይታ ፊቷን ታጠቁራለች ብላ ነበር የፈራችው። ሐኪሟ ግን ቁስሉን በጨው ውሃ እያጠበች እንደ ሰፌድ ሰፊ ሴት በዝግታ ታወራለች። ማህፀን በሆድ ውስጥ እንዲሁ ተንጠልጥሎ እንደማይኖር፣ ከሥሩ እንደ አልጋ ገመድ የተጠላለፈ ሥጋና ጅማት እንደሚይዘው፣ ልጅ ሲወለድ ያ ገመድ እንደሚላላና መልሶ እስኪጠና ጊዜ እንደሚሻ ነገረቻት፤ ገመዱ ሳይጠና ከባድ ነገር ያነሣች፣ በእንፋሎት ሳል የታመመች፣ ሆዷ ደርቆ ለመጸዳዳት የምታምጥ ሴት ከላይ እየተጫነችው እንደምታወርደው፣ በእርጅናም እንደሚብስ ነገረቻት።

«ታዲያ በባሌ ላይ አልሄድኩም?» አለች ምሰሶ።

ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻት። «እሱን እርስዎ ያውቃሉ» አለች። «ማህፀንዎ ግን በዚያ አልወጣም። በብርድ ልብስ ነው የወጣው።»

ምሰሶ ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቋም ወዲያው ወደ እንባ ሊዞርባት ሲል ዋጠችው። እንባው ተመልሶ ቁጣ የሆነው ሐኪሟ መቀነቱን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት ባለቻት ጊዜ ነው። መቀነቱ ባይኖር ኖሮ ገና ድሮ ተዘርግፌ ነበር አለች፤ የምትይው ሁሉ ይሁን፣ እሱን ግን አትንኪብኝ አለች፤ የቀዩን መቀነት ክብር፣ የአያቶቿን ቃል፣ የቤቱን ሕግ ደረደረችባት። ሐኪሟ ክርክር አልገጠመችም። አንድ ከረጢት ሱፍ አነሣች፤ የታችኛውን ስፌት በጣቶቿ አላላች፤ ከዚያ ቀዩን መቀነት ከከረጢቱ ወገብ ላይ ጠምጥማ ሸብ አደረገችው። ሱፉ በላላው ስፌት በኩል ወደ ታች ብቅ አለ።

«አንቺ ስለሳብሽው ነው» አለች ምሰሶ።

«ይሳቡት እርስዎ።»

ሱፉን መልሳ አስገባችና ራሷ ሳበችው። ጉልበቷን ከረጢቱ ላይ ተክላ፣ እንደ ለመደችው፣ ሲጥ እስኪል። ሱፉ ወጣ። ፈታችው፣ አስገባችው፣ አሰረችው፤ ወጣ። ከዚያ በኋላ ከረጢቱን አቀፈችው፤ በዐይነ ኅሊናዋ የሚመጡት ጀርባዎች ነበሩ፤ በየጧቱ በሩ ላይ የሚሰለፉት፣ ጉልበቷን የተከለችባቸው፣ «አጥብቂልኝ እትዬ» ያሏት ጀርባዎች። ከእነሱ መካከል ስንቷ ከሱፍ ክምሩ ኋላ ትሸሸግ ይሆን?

ሐኪሟ ከዚያ በኋላ ያለችውን ምሰሶ በግማሽ ጆሮ ነው የሰማችው። ቁስሉ እስኪደርቅ ጋደም ትበል፤ ሲደርቅ ከቀላል እንጨት ተጠርቦ በሰም የተለበጠ ለስላሳ ቀለበት ታስገባላታለች፤ ቀለበቱ ማህፀኑን ደግፎ ይይዛል፤ በየጊዜው ወጥቶ በፈላ ውሃ ይታጠባል፤ ደም ወይም መጥፎ ፈሳሽ ካየች ሳትውል ሳታድር ትምጣ። በየቀኑ ደግሞ ሽንቱን እንደሚቋጥር ሰው ከታች ወደ ላይ ትሰብስብ፣ ትያዝ፣ ትልቀቅ፤ ትንፋሿን ግን አትዋጥ። ይህ ሁሉ ይደግፋል፣ ያሳርፋል እንጂ እንደ ድሮው እንደማያደርጋት አልደበቀቻትም፤ በሩቅ ከተሞች በመስፋት የሚያክሙ ሐኪሞች እንዳሉ፣ ከቢላቸው የሚተርፉት ግን ገና ጥቂት እንደ ሆኑ ነገረቻት።

«የእርስዎ ረፈደ» አለች መሣሪያዋን እየሰበሰበች። «አዲስ ወላድ ግን ወሯን አርፋ፣ ከባድ ሳታነሣ ብትቆይ፣ ብዙው ሳይመጣ ይቀራል።»

ይህን ግን በሙሉ ጆሮዋ ሰማችው።

ማታ ቤቷ ስትገባ ልጇ ሕፃኑን እያጠባች የራሷን መቀነት ከጎኗ አጣጥፋ አስቀምጣለች። ነገ ሳምንቷ ነው። ምሰሶ ዕቃ የምትፈልግ መስላ ጥቂት ተንጎራደደችና፣ ስትቆሚ ከታች ይከብድሻል ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«ትንሽ ይጎትተኛል» አለች ልጅቷ። «ሲታሰር ይተዋል ብለሽኝ የለ? ብቻ እማዬ አንቺው እሰሪኝ። የሌላ ሰው ጉልበት አልወድም።»

ምሰሶ ወደ ውጪ ወጥታ ባሏ ገመድ ከሚፈትልበት ጎን ተቀመጠች፤ ለማንም ያልነገረችውን ነገረችው። የገመዱን ጭራ በእግሩ አውራ ጣት ይዞ ይሰማ ነበር፤ እሷ ስትጨርስ ግን ገመዱ ተፈትቶ በእጁ ላይ ተበትኖ ነበር።

«እኔ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ» አለ።

«ነገ ልጄን ባላስራት ከሰፈር እንነቀላለን።»

«ብታስሪያትስ?»



ጧት ሴቶቹ በሩ ላይ ሲሰለፉ ሻለቃው ዘበኞቹን አስከትሎ በፈረስ መጣ፤ በዐዋጁ መሠረት የሚመለሱትን ወላዶች በዐይኑ ሊያይ ነበር። ከውስጥ የመዳብ ድስቶቹ መፍላት ጀምረዋል፤ እንፋሎቱ በበሩ ይወጣል። ምሰሶ የሴቶቹን መቀነት አንድ በአንድ አሰረች፤ እጇ ግን እንደ ወትሮው አልሆነም፤ ጉልበቷም የማንንም ጀርባ አልነካም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ልጇ ተራዋ ሲደርስ ፊቷን ወደ በሩ፣ ጀርባዋን ወደ እናቷ አድርጋ ቆመች። ምሰሶ ሸራውን ይዛ ቆማ ቀረች።

«እሰሪያት እንጂ፣ ሱፉ ፈላ» አለ ሻለቃው።

«አላስራትም ጌታዬ።»

ሻለቃው በትክክል የሰማ አልመሰለውም። ደግሞ ጠየቃት።

«ማህፀኔ ወጥቷል ጌታዬ» አለች ምሰሶ። ድምፅዋ ከበሩ እስከ ድስቶቹ ተሰማ። «በአራስነቴ አጣና አንሥቼ ነው የወጣው፤ መቀነቱም ነው ገፍቶ የጨረሰው። እኔ ያልፍልኛል። የልጄን ግን በገዛ እጄ ገፍቼ አላወጣም።»

በጦር ሜዳ አንጀት ተዘርግፎ ያየ ሻለቃ፣ «ማህፀን» የሚል ቃል ሲሰማ ጆሮው ቀላ። ዘበኞቹ ሰማይ ሰማዩን አዩ። እንዲህ ያሉ ወንዶች ናቸው በሴት ሆድ ላይ ዐዋጅ የሚያውጁ፤ ሊያዙበት አያፍሩም፣ ስሙን ሊሰሙት ያፍራሉ። ከሴቶቹም አንዲት አልተነፈሰችም፤ ብዙዎቹ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር፤ ምሰሶም ያን ዝምታ ጥላቻ ነው ብላ አሰበች።

ሻለቃው ቀዩን አውልቂ አላት። አወለቀች። ወዲያው ከሰልፉ ውስጥ «እሾህ» የሚሏትን ሴት ጠራ፤ እሾህ ከምሰሶ ቀጥላ ያለች፣ ምላሷ እንደ ስሟ የሆነ፣ ቀዩን መቀነት ለዓመታት ስትመኝ መኖሯን ሰው ሁሉ የሚያውቅ ሴት ነበረች። ቀዩን ተቀበለች፤ ለመታጠቅ አላመነታችም። እሰሪያት ሲላትም እሺ ጌታዬ ብላ ሸራውን አነሣች። ምሰሶ የእሾህን ክንድ ታውቀዋለች፤ ከራሷ ክንድ ቢበረታ እንጂ አያንስም።

እሾህ ሸራውን ጠመጠመች፣ ሳበች፣ ቋጠረች። ልጅቷ አንድ እርምጃ ስትራመድ መቀነቱ ተፈትቶ እግሯ ሥር ወደቀ።

«ምን ሆነ?» አለ ሻለቃው።

«አራስ ገላ ሙልጭልጭ ነው ጌታዬ። ወተትም አለበት።»

ደግማ አሰረችው፤ ደግሞ ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ ስታስር ምራቋን እጇ ላይ እንትፍ ብላ፣ ጉልበቷን ተክላ፣ ፊቷ እስኪቀላ አቃሰተች፤ ሸራው ከልጅቷ ዳሌ ላይ ቀስ ብሎ፣ እንደ ደከመው ሰው፣ ተንሸራትቶ ወረደ። ከሰልፉ ጭራ አንዲት ሴት ሳል የመሰለ ነገር አመለጣት። ሻለቃው ከፈረሱ ወረደ።

«ትቀልጂብኛለሽ?»

«ካላመኑኝ ይኸው ሸራው፣ ይኸው አራሷ» አለች እሾህ፣ መቀነቱን በሁለት እጇ ዘርግታ እየሰጠችው። «እርስዎ ይሰሯት፤ የወንድ ክንድ ይሻላል።»

ሻለቃው ሸራውን አየ፤ የልጅቷን በወተት የራሰ ቀሚስ አየ፤ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። በዚህ መካከል ከውስጥ የድስት ጠባቂዋ ድምፅ መጣ፤ ሱፉ ተኮማተረ፣ ማን ያውጣው ትላለች። ከዐዋጁና ከብርድ ልብሱ የቱን እንደሚወድ ሻለቃው ያን ጊዜ መምረጥ ነበረበት፤ ወንድሙ የሞተው በዐዋጅ እጦት አልነበረም። ልጅቷ በበሩ ተገኝታለች፣ ሕጉ ሳትታሰር አታንሣ ይላል፣ መታሰር ካልቻለች ወሯን ትጨርስ ብሎ እየጮኸ ወሰነ፤ እናትየዋም ለድፍረቷ ቅጣት ሱፍ ከሚመርጡት አሮጊቶች ጋር ከእንግዲህ ቁጭ ብላ ትዋል አለ። ሐኪሟ ያዘዘችውን ዕረፍት በቅጣት ስም መፍረዱን አላወቀም፤ ማንም አልነገረውም።

ምሰሶ በዚያው ቀን እሾህን ለብቻዋ አግኝታ፣ ስለ ልጄ ምን ልበልሽ አለቻት። እሾህ ፊቷን ሳታዞር፣ እጄ ሰነፈ እንጂ ምን አደረግሁልሽ አለች። በሳምንቱ ግን ሐኪሟ ዘንድ ራሴን አሳከከኝ ብላ ሄደች፤ በሩንም ከውስጥ ዘጋች። ከእሷ በኋላ ራሱን የሚያሳክከው ሰው በዛ።

ነገሩ በዚያ አማረ ብሎ መጨረስ ውሸት ነው። ዐዋጁ እስከ ዘመቻው ፍጻሜ ጸና። እሾህ መቀነቱን ለዐይን እንጂ ለወገብ አታጠብቀውም ነበር፤ ብርድ ልብሱ ግን አልቀለለም፤ በሳምንታቸው የተመለሱት ሌሎች አራሶች አጣናውን አነሡ፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ በተራቸው ከሱፍ ክምሩ ኋላ መሸሸግ ጀመሩ። ሐኪሟን ጦሩ ወደ ተራራው ጠራት፤ በሰም የተለበጡ ቀለበቶቿን ለምሰሶ ትታላት ሄደች፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደ ደረሰባት አልታወቀም። ምሰሶም ሱፍ እየመረጠች፣ ቀለበቷን እያጠበች፣ ደህና የሆነ ቀን ደህና፣ ክፉ የሆነ ቀን ክፉ እየሆነላት ኖረች፤ ባሏም ቀልዱን መልሶ ጀመረ፣ አንዳንዴም ትስቅለታለች።

የንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊ የዚያን የብርድ ወራት ነገር በአንድ መስመር አሳልፎታል፤ ሠራዊቱ በተራራው ላይ በብርድ አልተጎዳም ይላል፤ ስለዚህም ሻለቃው ማዕረግ እንዳገኘ ይጨምራል። ሁለቱም እውነት ነው። ያ ሙቀት ከማን ሆድ እንደ ወጣ መጻፍ ለጸሐፊው ነውር ነበር፤ ነውሩም እስከ ዛሬ አልለቀቀንም፤ ዛሬም በየቤቱ የወጣ ማህፀኗን በዝምታ የምትመልስ ሴት አለች። የምሰሶ ልጅ ወሯን አረፈች፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ልጆች ወለደች፣ ሠራች፣ ከእምብርቷ በታች የሚጎትታት ነገር ሳይኖር ቀጥ ብላ አረጀች። ይህ በየትኛውም መጽሐፍ የለም፤ የደረሰውን ጉዳት እንኳ ያልጻፈ ታሪክ፣ ሳይደርስ የቀረውን ከወዴት አውቆ ይጻፈው።